ስንዝር ክፍት የነበረው በር

ይህ ታሪክ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ ከየትም አላነበብኩትም... እኔው በእጄ ያደረግኩት ነው።

ባታምኑኝ አይከፋኝም። እንዲያውም ባታምኑኝ ይሻለኛል። ካመናችሁኝ ትፈርዱብኛላችሁ።

አርብ ቀን ነበር። ወሩ በገባ አስራ አምስት።

ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ነበር። እኔ ደግሞ ከደረጃው በታች፣ የመንደራችን መጠለያ ውስጥ፣ ከአስራ ሁለት ተማሪዎች ጋር ግድግዳ እየቀባሁ ነበር።

ፔይዩን እባላለሁ። የምኖረው ኪንመን ደሴት ላይ፣ ዪንሻ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። እኛ ባሕር ዳር ቆመን የዋናውን ቻይና ዳርቻ በዓይናችን እናየዋለን። በአያቶቻችን ጊዜ ከዚያ ማዶ ወደዚህ መድፍ ይተኮስ ነበር። ለሃያ ዓመት። ያውም በቀጠሮ... ወሩ በገባ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት እያለ በጎዶሎ ቁጥር ቀን ይተኮሳል፣ በሙሉ ቁጥር ቀን ዝም ይላል። ሰው ሠርጉንም ገበያውንም በሙሉ ቀን ያደርግ ነበር።

በጎዶሎ ቀን ግን ሲመሽ መንደሩ እንዳለ ወደ መጠለያው ይወርዳል።

አስራ ዘጠኝ ደረጃ ነው። ከታች አንድ የብረት በር አለ። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ታያላችሁ፤ ሰሌዳው ላይ አርባ ሦስት ትንንሽ እንጨቶች በሚስማር ተንጠልጥለዋል። አንድ ሰው፣ አንድ እንጨት። በአንድ ፊቱ ስም ተጽፎበታል፣ ጀርባው ባዶ ነው። የገባ ሰው ስሙን ወደ ፊት ያዞራል። ሲወጣ መልሶ ባዶውን ያዞራል።

የበሩ ኃላፊ ሰሌዳውን ያያል። ሁሉም ስም ከታየ ሁሉም ገብቷል ማለት ነው። ያኔ በሩን ይዘጋል።

ቀላል ነገር ነው። ማንም አይሳሳትበትም ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። የመንደራችን ማህበር መጠለያውን አድሶ ለሽማግሌዎች የሙቀት ጊዜ ማረፊያ፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ለሁላችንም መሸሸጊያ ሊያደርገው አሰበ። የመንደሮች ውድድርም ነበረበት። ቅዳሜ፣ በአስራ ስድስት፣ ዳኞች መጥተው ያያሉ። በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎቹን የምመራው እኔ ሆንኩ።

እኔ ደግሞ ነገር ዝንፍ ሲል እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ብሩሽ በቁመቱ ካልተደረደረ እቆጣለሁ። ልጆቹ "አለቃ" ይሉኝ ነበር፣ ለማሾፍ። በተለይ ቹንዌይ የሚባለው ረጅሙ ልጅ፣ "ዝም ብላችሁ ቁሙ፣ አለቃ ግድግዳውን ስትጨርስ እኛንም ትቀባናለች" እያለ ያስቃቸዋል።

በመጀመሪያው ቀን እማማ ጂንሉዋን መጡ። ከመጠለያው አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ለልጆቹ የለውዝ ከረሜላ በሳህን ይዘው ነበር። ልጆቹ ከረሜላውን ሲሻሙ እሳቸው እጄን ይዘው ወደ በሩ ወሰዱኝ።

አሮጌው የብረት በር ተኩሱ ካቆመ ወዲህ ተዘግቶ አያውቅም። ድንጋይ ተደግፎ ስንዝር ያህል ክፍት ነው የሚኖረው። ድንጋዩን ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። በጎዶሎ ቀን ሁሉ፣ ልክ አስር ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ መጨረሻው ደረጃ ላይ መጥተው አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። መንደሩ ለምዶታል። ማንም አይጠይቃቸውም።

"ሁለት ነገር ብቻ ልለምንሽ ልጄ" አሉኝ። "በሩን እንዳትዘጊው። ያቺን እንጨት ደግሞ እንዳታዞሪያት። ሌላውን እንዳሻሽ አድርጊው።"

ወደ ሰሌዳው አየሁ። ተኩሱ ካበቃ ወዲህ ሁሉም ስም ለመታሰቢያ ወደ ፊት ዞሮ ነው የሚኖረው፤ ከአርባ ሦስቱ እንጨቶች አንዷ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታለች።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቃል ግቢልኝ ብቻ አሉኝ። ገባሁላቸው። እጃቸውን ይዤ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል... እኔ ግን ቃል ስገባ ጥድፊያ ላይ ነበርኩ።

ሁለት ሳምንት ሠራን። ሻጋታውን ፋቅን። አግዳሚዎቹን ጠገንን። እርጥበቱን የሚመጥ ማሽን ተገዛ፤ በር ክፍት ከሆነ ግን ማሽኑ ለምንም አይረባም። ስለዚህ ሊቀመንበራችን አዲስ በር አመጣ። ነጭ፣ ስፕሪንግ ያለው፣ ስትለቁት በራሱ የሚዘጋ በር።

አንድም ቃል አልተናገርኩም። ዳኞቹ ሲሄዱ ድንጋዩን መልሼ አደርገዋለሁ አልኩ ለራሴ።

ሐሙስ ዕለት እማማ ጂንሉዋን ጉልበታቸውን መርፌ ሊወጉ ልጃቸው ጋ ከተማ ሄዱ። የሚመለሱት ቅዳሜ ነው ተባለ።

እውነቱን ልንገራችሁ... ስሰማ ደስ አለኝ።

አርብ ጠዋት አዲሱ በር ተገጠመ። የእሳቸውን ድንጋይ ወለሉ ላይ ያነጠፍነውን ላስቲክ እንዲይዝልኝ አስቀመጥኩበት። ከዚያ ልጆቹ የስም እንጨቶቹን አንድ በአንድ ጠርገው ሰቀሏቸው። ፎቶ ላነሳ ስል ያቺ አንዷ እንደ ወለቀ ጥርስ ታየችኝ።

እጄን ዘረጋሁ።

"አለቃ... እማማ አትንኩ ብለው አልነበር?" አለ ቹንዌይ።

"ለፎቶ ነው። ነገ እመልሳታለሁ።"

"እሺ። እኔ ግን የለሁበትም።"

አዞርኳት። የሌሎቹ ስም እርጥበትና ጊዜ በልቶት ደብዝዟል። የሷ ግን ጥቁር ነው፣ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ሹ ጂንዬ ይላል።

እንጨቷ ትሞቅ ነበር። ከሰው ኪስ እንደወጣ ሳንቲም።

አስር ሰዓት ተኩል ሲሆን የመጨረሻውን ቀለም በሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ እየቀባን ነበር። ውጭ ንፋስ አለ። የደሴታችን ንፋስ ቀይ አሸዋ ተሸክሞ ነው የሚዞረው፣ እርጥብ ቀለም ላይ ካረፈ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። በሩ ተዘግቷል። የአንዱ ልጅ ስልክ ሙዚቃ ያሰማል።

ኳ... ኳ... ኳ...

ቹንዌይ ሄዶ ከፈተ። ማንም የለም። አሸዋው ግን እፍ ብሎ ገባና ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ተናደድኩ። ደግመን ቀባነው።

ኳ... ኳ... ኳ...

ይኼኔ ልብ አልኩ። የሚንኳኳው ከበሩ ታችኛው ክፍል ነው። ከመያዣው በታች። ትልቅ ሰው እዚያ ጋ ለማንኳኳት ማጎንበስ አለበት።

ቹንዌይ እንደገና ከፈተ። አሁንም ማንም የለም። ጎንበስ ብሎ ከመጨረሻው ደረጃ ላይ አንድ ነገር አነሳ። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ ላባ ነው።

"የዳክዬ ጫጩት" አለ።

ዳክዬ የሚያረባ ሰው እኛ መንደር ከጠፋ ቆይቷል።

አሸዋው ለሁለተኛ ጊዜ ግድግዳዬን አበላሸው። "ከእንግዲህ ማንም እንዳይከፍት" አልኩ። "የመንደሩ ሕፃናት ናቸው፣ እየቀለዱብን ነው።"

በኋላ ነው የገባኝ። እኛ መንደር ሕፃን የለም። ወጣቱ ሁሉ ከተማ ገብቷል። በዕድሜ ትንሿ የመንደራችን ልጅ አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እሷም ብሩሽ ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር።

ኳ...

አንድ ጊዜ ብቻ። ቀስ ብሎ።

አንዷ ልጅ ስልኩን አጠፋችው። ከበሩ ወዲያ ትንፋሽ ይሰማል፤ ሮጦ የመጣ ልጅ ትንፋሽ።

ከዚያ ድምፅ መጣ። የትንሽ ልጅ ድምፅ። በሹክሹክታ።

"እትዬ... ስሜ ዞሯል?"

ቹንዌይ አየኝ። እኔ ወደ ሰሌዳው አየሁ። አርባ ሦስት ስም፣ ሁሉም ወደ ፊት ዞሯል።

ያኔ ምን እንዳሰብኩ እነግራችኋለሁ። ስለ ልጅቷ አላሰብኩም። እጄ በሩን ለመክፈት የሚፈጀው አንድ ሴኮንድ ነው። እኔ ያሰብኩት ስለ ግድግዳው ነው።

"አዎ ዞሯል" አልኩ። "ሁሉም ገብቷል። ሂጂ ወደ ቤትሽ።"

ትንፋሹ ቆመ።

ከዚያ ትንንሽ እግሮች ደረጃውን ሲወጡ ተሰማ። አይሮጡም። ቀስ ብለው ነው የሚወጡት። ሳላስበው እቆጥር ጀመር... አስራ ሰባት፣ አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ...

ሃያ።

ሃያ አንድ።

ሰላሳ ስደርስ መቁጠር ተውኩ። እግሮቹ ግን ገና እየወጡ ነበር።

ቅዳሜ ዳኞቹ መጡ። ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱት። አጨበጨቡልን፣ አንደኛ ወጣችሁ ተባልን። ፎቶው ላይ እኔ መሃል ቆሜ እስቃለሁ። ያንን ፎቶ አሁን ማየት አልችልም።

ዳኞቹ ሲሄዱ ቹንዌይ ብሩሽ ሊያጥብ ቀረ። ያኔ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። እማማ ጂንሉዋን አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ ወረዱ።

አዲሱን በር አዩት። መዳፋቸውን ነጩ ቀለም ላይ አሳረፉ። ከዚያ ገቡና ሰሌዳውን አዩ።

እኔ ለፎቶ ነው፣ ዛሬውኑ ልመልሰው ነበር፣ ሊቀመንበሩ ነው እያልኩ መቀባጠር ጀመርኩ። ቢቆጡኝ ምንኛ በወደድኩ። አልተቆጡም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ለማንም ነግረው የማያውቁትን ነገሩኝ።

ጂንዬ ታናሽ እህታቸው ናት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እሳቸው አስራ አምስት። በዚያ ዘመን የሚተኮሰው ፈንጂ ሳይሆን የቅስቀሳ ወረቀት የታጨቀበት ቀለህ ነበር፤ ቀለሁ ግን ብረት ነው፣ ያረፈበትን ይገድላል። አንድ ጎዶሎ ቀን ተኩሱ ቀደም ብሎ፣ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረ። ሁለቱ እህትማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሮጡ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ጂንዬ የዳክዬ ጫጩቴን ረሳሁ ብላ እጇን አስለቀቀችና ተመለሰች።

ጂንሉዋን ብቻቸውን ገቡ። የበሩ ኃላፊ አጎታቸው ነበሩ፣ ኃይለኛ ሰው ነበሩ። እህትሽ የት አለች እንዳይሏቸው ፈሩ። አሁን ትደርስ የለ ብለው የራሳቸውን ስም አዞሩ...

የጂንዬንም አብረው አዞሩት።

አጎትየው ሰሌዳውን አዩ። ሁሉም ስም ዞሯል። በሩን ዘጉት።

"ከዚያ ተንኳኳ" አሉ እማማ። "አጎቴ ሰሌዳውን ደግመው አዩና 'ሁሉም ገብቷል፣ ንፋስ ነው' አሉ። እኔ አውቃለሁ። ንፋስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዱላ ፈርቼ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋትም።"

ሃምሳ አራት ዓመት የጠበቋት፣ ተኩሱ ካቆመ ጀምሮ በሩን ስንዝር ከፍተው ያስቀመጡት ለዚህ ነው። እንጨቷን ባዶ ያደረጉት ለዚህ ነው። ማንም ዳግመኛ ሁሉም ገብቷል እንዳይል።

እጄ ላይ የደረቀውን ቀለም እፍቅ ጀመር።

"ትናንት አስራ አምስት ነበር" አሉኝ። "መጥታ ነበር?"

አልመጣችም ማለት እችል ነበር። ዓይናቸው ግን ዓይኔን ይዞታል።

"መጥታ ነበር።"

"ምን አለች?"

"ስሜ ዞሯል ወይ አለች።"

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ መልሱን እንደፈሩ፣ ጠየቁኝ።

"ከፈትሽላት?"

ቹንዌይ ከኋላዬ ቆሟል። የውሃው ድምፅ ቆመ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ብዙ ሌሊት ራሴን ጠይቄዋለሁ። ለእሳቸው አዝኜ ነው እላለሁ። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው... ለራሴም ፈርቻለሁ። እሳቸው በአስራ አምስት ዓመታቸው እንደፈሩት ሁሉ።

"አዎ እማማ" አልኩ። "ከፈትኩላት። ገብታለች።"

አሮጊቷ እጄን ወስደው ሳሙት። እሳቸው፣ የእኔን እጅ። እንባቸው ጣቶቼ መሃል ገባ። ከዚያ ተነስተው ወደ በሩ ሄዱና በሁለት እጃቸው ገፍተው ራሳቸው ዘጉት።

"እንግዲህ ይዘጋ" አሉ። "ሁሉም ገብቷል።"

ቹንዌይ የታጠበውን ብሩሽ እንደገና ማጠብ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ በጎዶሎ ቀን ደረጃው ላይ አልተቀመጡም። ከሌሎቹ አሮጊቶች ጋር መጠለያው ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ፣ ሲስቁ አየኋቸው። አንድ ቀን የማሽላ አረቄ ቀምሰው ዘፈኑ እንኳ። ሰዎች የመርፌው ነገር ነው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው ይሉ ነበር። እኔን ባዩኝ ቁጥር ጉንጬን ይዳስሱኛል። እኔ ሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

በዚያው ወር በሃያ ዘጠኝ፣ በእንቅልፋቸው አረፉ። ፊታቸው ፈገግ ብሎ ነበር አሉ።

ቀብሩ ላይ ሁሉም ሰው በሰላም ሄዱ፣ ታደሉ ይል ነበር። ቹንዌይ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አላየኝም። ፊት ለፊት እያየ ነው የተናገረው።

"አለቃ... አልከፈትሽም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"እዚያ ሄደው ሲፈልጓት ምን ሊሆኑ ነው?"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ የምፈራው እዚያም ማዶ ይነጋ እንደሆነ ነው።

በማግስቱ ስፕሪንጉን ነቀልኩት። በሩን ስንዝር አይደለም፣ እስከ መጨረሻው ከፍቼ ከግድግዳው ጋር አጣበቅኩትና የእሳቸውን ድንጋይ አስደገፍኩበት። የጂንዬን እንጨት ባዶውን አዞርኩት። ሊቀመንበሩ ማሽኑ ተበላሸ እያለ ይጮህብኛል። ይጩህ።

የቀብራቸው ማግስት ጎዶሎ ቀን ነበር። ሰላሳ አንድ፣ የወሩ የመጨረሻ ቀን። አስር ሰዓት ተኩል ላይ ብቻዬን አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከተቀመጥኩበት ደረጃው እስከ ላይ ይታያል። ፀሐይ አለ፣ ትንሽ አሸዋ አለ። ማንም የለም።

ኳ... ኳ... ኳ...

ከታች። ከበሩ መያዣ በታች።

በሩ ክፍት ነው። ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፣ ድንጋይ ተደግፏል። አልተነቃነቀም።

"ግቢ" አልኩ። "ግቢ የኔ ልጅ። ክፍት ነው።"

ከዚያ እንደገና ተንኳኳ። አሁን ግን ከላይ ነው። በእኔ ትከሻ ልክ። ቀስ ያለ፣ የደከመ፣ የአሮጊት እጅ ማንኳኳት።

ኳ...

ኳ...

ኳ...

ዘወር ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። ጠዋት አንዷን ብቻ ነበር ያዞርኩት።

ጀርባቸውን የሰጡኝ እንጨቶች ሁለት ናቸው።